መተው መጕደል ነውን?

ሰው እጁ የሚደርስበትን ነገር ሁሉ ሊወስድ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። አባታችን አዳም በገነት ሳለ ትእዛዝ የተቀበለው ስለ መሥራትና ስለ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ስለ መተውም ነበረ። ከብዙ ዛፍ መካከል አንዲቱን ዛፍ እንዲተዋት ታዘዘ፤ ዛፊቱም ሩቅ አልነበረችም፥ ቅጥርም አልነበራትም። እጁ ይደርስባት ነበረና ፈተና ሆነችበት። እስከ ዛሬም ድረስ የሰው ልጅ ዋናው ፈተና በማይደርስበት ነገር ላይ አይደለም፤ በሚደርስበትና ከልካይ በሌለበት ነገር ላይ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በሩቅ አገር ባሕር ዳርቻ በዓሣ አጥማጆችና በባሕር ሊቃውንት መካከል የሆነ ታሪክ ነው። ታሪኩ ስለ ዓሣ ቢሆንም ትምህርቱ ለደጋ ሰውም ለቆላ ሰውም የሚሆን ስለ ሆነ፥ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

ርስት ያለው ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቢቸግረው እንኳ መብላቱን ይፈራል፤ ቢበላው የሚመጣው ዓመት ረኃብ የራሱ እንደ ሆነ ያውቃልና። ባሕር ግን ድንበር የለውም፤ ዓሣውም የማንም ምልክት የለበትም። ዛሬ አጥማጁ ትንሹን ዓሣ ከመረቡ ፈትቶ ቢለቀው፥ ነገ ትልቅ ሆኖ በጎረቤቱ መረብ ይገባል። ስለዚህ ሰው በልቡ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል፤ እንግዲያስ መተዌ ለእኔ ጉዳት፥ ለእርሱ ትርፍ ነው» ይላል። ይህን የሚለው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን የሚወድ ደግ አባትም ይለዋል። ሁሉም ይህንኑ ባለ ጊዜ ግን ባሕሩ ባዶ ይሆናል፤ ማንም ሊያጠፋው ሳያስብ ሁሉም አጠፋው። ውሃ ሰውን ሲወስደው እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለ፥ ዛሬ ጥቂት፥ ነገም ጥቂት እያለ ይጎድላል። የነገሩም ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ታላቅ ሲሆን ጥፋተኛው አይገኝም።

ፀሐይ በሚበረታበት አገር፥ ጥልቅ ባልሆነ ባሕር ውስጥ፥ ኮራል የሚባል ፍጥረት አለ። ለሚያየው ሰው ድንጋይ ወይም አበባ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ታናናሽ የሆኑ የእንስሳት ማኅበር ነው። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን አትክልት ይኖራሉ፤ እነዚህም ከፀሐይ ብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ለባለቤቶቹ ያካፍላሉ። እንስሳቱም ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሳቡ ቤታቸውን ይሠራሉ፤ ልጅ በአባት ቤት ላይ፥ የልጅ ልጅም በልጅ ቤት ላይ ሲሠራ ብዙ ዘመን ያልፍና ቤቱ እንደ ተራራ ይሆናል። ዓሣ ሁሉ በየዘሩ በዚያ ይጠጋል። ከኮራልም ወገን አንዳንዱ በዓመት የሚያድገው ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም፤ በዲናሚት የሚሰበረው ግን በቅጽበት ነው።

የዓሣውም ልማድ ለተመራመረው ሰው ድንቅ ነው። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት በብዙ ዓይነት ዓሣ ዘንድ ትልቋ እናት ከትንሿ ይልቅ የምትጥለው እንቁላል በክብደቷ ልክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ አብልጣ ትጥላለች። ግሩፐር ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ ደግሞ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ይኖሩና በእድሜ ከገፉ በኋላ ወንድ ይሆናሉ፤ እንግዲህ አጥማጁ ትልልቁን እየመረጠ ቢያወጣ አባቶቹን መጨረሱ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት በታወቀ ወራት፥ በታወቀ ጨረቃ፥ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ ያን ስፍራ ያወቀ ሰው የሰፊ ባሕርን ዘር በጥቂት ሌሊት ሊያነሣው ይችላል። በእግዚአብሔር ጥበብ ለመብዛት የተሠራው ሥርዓት በሰው ስስት ለማለቅ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ፊሊፒንስ ከእስያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለች፥ ከሰባት ሺሕ የሚበልጡ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በዚያች አገር በዱማጌቴ ከተማ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በ1901 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሲሊማን የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያም አንጄል አልካላ የሚባል የባሕር ሊቅ ያስተምር ነበር፤ በ1929 ተወልዶ በ2023 ዐረፈ። እርሱና ባልንጀሮቹ በ1974 ሱሚሎን በምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ካለው የኮራል ስፍራ ከአራት እጅ አንዱን እጅ ያህል ማንም እንዳያጠምድበት አስከለሉት። አጥማጆቹ በቀረው በሦስቱ እጅ ይሠሩ ነበር። ሊቃውንቱም ወደ ባሕሩ እየጠለቁ ዓሣውን እየቆጠሩ፥ አጥማጆቹ ያወጡትንም እየመዘኑ መዝገብ ያዙ። ዓመታት ባለፉ ጊዜ ከሦስቱ እጅ የሚወጣው ዓሣ በዛ እንጂ አላነሰም፤ ከ1983 እስከ 1984 ባለው ዓመት ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 37 ቶን ያህል ተያዘ።

በ1984 ግን ጥበቃው ፈረሰ። መቶ ያህል አጥማጆች በተከለለውም ባልተከለለውም ስፍራ ያጠምዱ ጀመር፤ ከእነርሱም ዲናሚት የሚያፈነዱ ነበሩ፤ ሙሮ አሚ በሚሉትም ዘዴ ኮራሉን በድንጋይ እየደበደቡ ዓሣውን ወደ መረብ የሚነዱ ነበሩ። በሰው አሳብ ቢሆን ሀብታቸው ሊጨምር ይገባ ነበር፤ ቀድሞ ሦስቱ እጅ ብቻ የነበራቸው ሰዎች አሁን አራቱንም እጅ አግኝተዋልና። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከ1985 እስከ 1986 ባለው ዓመት የተያዘው ወደ 20 ቶን ያህል ወረደ። አልካላና አውስትራሊያዊው ባልንጀራው ጋሪ ራስ ይህን ነገር በ1990 ጽፈው ለዓለም አስታወቁ።

ይህን ሂሳብ እናስተውለው። ከአራት ሦስቱ ከአራት አራቱ በለጠ። በትምህርት ቤት ይህን የጻፈ ተማሪ ስሕተት ነው ተብሎ ይታረምበታል፤ በፍጥረት ቤት ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም የተከለለው ስፍራ ባዶውን የተቀመጠ ርስት አልነበረም፤ የእናቶች ቤት ነበረ። በዚያ ሳይፈራ ያደገው ዓሣ ወሰን ስለማያውቅ ወደ ውጭ እየወጣ የአጥማጆቹን መረብ ይሞላ ነበር። አጥማጆቹ የጎደለባቸው መስሏቸው የነበረው ያ አንዱ እጅ የሌሎቹ የሦስቱ እጅ መጋቢ ኖሯል። ብዙ ዓመት የሰበሰበውንም ጥቂት ዓመት በተነው፤ መገንባት ቀስ ያለ፥ ማፍረስ ግን ፈጣን ነውና።

ዳሩ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ጠግቦ የሚያድር ሰው ለተራበ ሰው ጾም ሊያዝዝ ይገባዋልን?» ቢለን ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሊቁ ባሕሩ ተከለለም ተከፈተም ደመወዙን ይቀበላል፤ አጥማጁ ግን ዛሬ ካልያዘ ዛሬ ማታ ልጆቹ ያለ ራት ይተኛሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ታውቃለች፤ የታመመውንና ሕፃኑን በጾም አታስጨንቅም፤ የሚጾምም ሰው ከምሳው ያተረፈውን ለድኻ እንዲሰጥ ታስተምራለች እንጂ ድኻው ስለ ባለጠጋው ፈንታ እንዲጾም አታዝዝም። ስለዚህ ሌላውን ሰው ተው ማለት ቀላል ሲሆን በእውነት የሚከብደው የመተውን ሸክም በትክክል ማካፈል ነው። በባሕርም ላይ ቢሆን ታላላቅ መርከብና ብርቱ መረብ ያለው ሰው እንደ ልቡ እያነሣ፥ ታንኳ ብቻ ያለው ሰው ለባሕሩ ሲል ይራብ ቢባል፥ ይህ ግፍ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሊቃውንቱ ይልቅ የተሻለ መልስ የሰጡት አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከኔግሮስ ደሴት አጠገብ አፖ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚያም ዲናሚትና መርዝ ኮራሉን አበላሽተውት ዓሣው ስላነሰ አጥማጆቹ ራቅ ብለው ለመሄድ ተገደው ነበር። አልካላና ባልንጀሮቹ ወደዚያ ሄደው መከሩአቸው፤ ሰዎቹ ግን ጥርጥር ነበረባቸው። ጥቂት የሆነውን ባሕራችንን ከልላችሁ ምን እንብላ ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ሊቃውንቱም በግድ አላስከለሉባቸውም፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹን ወደ ሱሚሎን ወስደው ጥበቃው ገና ሳይፈርስ በዓይናቸው አሳዩአቸው። ምክሩ ሦስት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ፥ በ1982፥ ዐሥራ አራት ቤተሰቦች ብቻ ተስማምተው ከደሴቲቱ ዳርቻ 450 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ስፍራ ለመተው ቃል ገቡ። ይህም ከደሴቲቱ የኮራል ስፍራ ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ነበረ፤ ሳያስቡት ዐሥራት አወጡ ማለት ነው።

ስፍራውንም የጠበቀው ከሩቅ የመጣ ወታደር አልነበረም። ቤተሰቦቹ ተራ ገብተው በየቀኑ አንድ ሰው በባሕሩ ዳር ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሦስት ዓመት ባለፈ ጊዜ የዓሣው መብዛት ለሁሉ ስለ ታየ የቀሩትም የደሴቲቱ ሰዎች ተስማሙና በ1985 በአካባቢው ሕግ ጸና። በቀረውም ባሕር ዲናሚትን፥ መርዝን፥ ሙሮ አሚንና ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብን ከለከሉ። አልካላና ራስ በ1983ና በ2001 መካከል ባሉት 18 ዓመታት እየቆጠሩ እንዳገኙት፥ በተከለለው ስፍራ ከሚበሉት ዓሦች የሁለቱ ወገኖች ክብደት ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ከወሰኑም ውጭ እስከ 200ና 250 ሜትር ድረስ ዓሣው እየበዛ ሄደ። ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲጨምሩ ገና ወደ ሙላታቸው አልደረሱም ነበር። አንድ ሰው ያጎደለውን ልጁ እንኳ ሞልቶ ላያይ ይችላል።

እንግዲህ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ለሚለው ሰው የአፖ ሰዎች መልስ ይህ ነው፤ እንኪያስ ወደዚያ ወደ ሌላው ሂድና ተነጋገር። ብቻውን የተወ ሰው የዋህ ነው ይባል ይሆናል፤ ባሕሩን ግን አያድነውም። ሁሉም እንዲተው ጠብቆ እርሱ የማይተው ሰው ደግሞ ማንንም አያድንም። ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጥቂቶች ሆኖ መጀመር ነው፤ ዐሥራ አራት ቤት ሙሉ ደሴት አይደለም፥ ደሴቲቱ ግን ከዐሥራ አራቱ ቤት ተማረች።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በሰሜን ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሰው ተራራው ሁሉ ታርሶ ተመንጥሮ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጽድና ወይራ፥ ዝግባም ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ ያያል። በዚያ ደን ወፉ ይጠለላል፥ ምንጩ ይጠበቃል፥ የዛፉም ዘር በዚያ ተርፎ ይኖራል። ያን ደን ያቆየው አጥር ብቻ አይደለም፤ የታቦቱ ነው የሚል አሳብ በሁሉ ልብ ስለ ነበረ ነው። የአፖ ሰዎች በባሕር ውስጥ ያደረጉትን አባቶቻችን በየብስ አድርገውት ኖረዋል።

በውሃ ላይ ግን እኛም ገና ተማሪዎች ነን። በጣና ሐይቅ እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ወገኖች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ሐይቁ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ቀድሞ በታንኳ ያጠምድ የነበረው ሰው ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያለው ጀልባና ረጅም መረብ አገኘ፤ በወንዙም አፍ መረቡን ሲዘረጋ እናቲቱን ከነእንቁላልዋ ያነሣታል። በ1991ና በ2001 መካከል የተደረገው ምርመራ የእነዚህ ዓሦች ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል እንደ ጎደለ አሳየ። በኦሪት ሕግ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቹ ጋር እንዳይወስድ የተከለከለው ስለ ምን እንደ ሆነ የወንዙ አፍ ይነግረናል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ መተው ትርፍ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን በዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን እውነት ብቻ በተናገርን ነበር። በ2011 ታኅሣሥ፥ ደግሞም በ2012 ታኅሣሥ፥ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በአፖ ላይ ወረደ። ማዕበሉም የመታው ያንኑ የተከለለውን ስፍራ ነበረ፤ ሦስት ዐሥርት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የጥበቃ ፍሬ፥ ያ ያማረ ኮራል፥ ተሰባብሮ ፍርስራሽ ሆነ። ከዚህም በላይ የዓለም ባሕር በሙቀት ምክንያት እየታመመ ነው፤ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በሥጋው ያሉትን ረቂቃን አትክልት ያጣና ነጭ ይሆናል፥ ሙቀቱም ከቆየ ይሞታል። በ1998 በብዙ ባሕር እንዲህ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ተደጋገመ። ይህን ሙቀት ያመጣው የፋብሪካና የሞተር ጢስ ነው፤ የአፖ አጥማጅ ግን ከዚያ ጢስ ያለው ድርሻ ኢምንት ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን? እነዚያ ሰዎች የተዉት በከንቱ ነውን? መተው ለትርፍ ብቻ ከሆነ፥ ትርፉ በማዕበል በተወሰደ ጊዜ መተውም ሞኝነት ይሆናል። ጠላት በኢዮብ ላይ ያቀረበው ክስ ይህ ነበረ፤ ጽድቁ ስለ ዋጋ ነው፥ ዋጋው ቢቀር ጽድቁም ይቀራል የሚል። ስለዚህ መተው ከሂሳብ የጠለቀ መሠረት ያስፈልገዋል። ያም መሠረት ነገሩ ከጥንትም የእኛ እንዳልነበረ ማወቅ ነው። ባሕሩን አልሠራነውም፤ ዓሣውን አልመገብነውም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ተዉልን፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ይጠብቁናል። የራሱ ያልሆነውን የተወ ሰው ስጦታ ሰጠሁ ብሎ አይመካም፤ የተበደረውን የመለሰ ሰው ነውና። ወለዱን ባያገኝ አያማርርም፤ ወለድ የሚገባው ለባለ ገንዘቡ እንጂ ለባለ ዕዳው አይደለም።

በአፖም ከማዕበሉ በኋላ ስፍራው ተዘግቶ እንዲያገግም ተተወ፤ ሊያዩት የሚመጡ እንግዶች እንኳ እንዳይገቡበት ሆነ። ትርፍ የሚሰጥ ነገር ሳይኖረው ተጠበቀ ማለት ነው። ዓሣ ሞልቶ ሳለ ከመጠበቅ ይልቅ ፍርስራሹን መጠበቅ ይበልጣል ብንል አንሳሳትም፤ የፊተኛው ጥበብ ነው፥ የኋለኛው ግን እምነት ነው።

ለሊቁም የሚገባውን ክብር እንስጠው። ዓሣ ለመቁጠር ዓመት በዓመት ወደ ባሕር መውረድ ለተላላ ሰው ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የሱሚሎን ጥበቃ በፈረሰ ጊዜ «ዓሣው ድሮም እንዲሁ ነበረ» ተብሎ በቀረ ነበር። ሰው የጠፋበትን የማያውቅ ከሆነ አያዝንም፤ ካላዘነም አይመለስም። በትክክል የተጻፈ ቍጥር ለንስሓ ምስክር ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተ ባሕር አላየህም፥ መረብም አልያዝህም። ነገር ግን ለብዙዎች ከተሰጠ ነገር ድርሻ የሌለህ ሰው አይደለህም፤ የመንደርህ ምንጭ፥ የግጦሹ ሜዳ፥ የወንዙ ዳር ዛፍ፥ የቢሮው ገንዘብ፥ የማኅበሩ ሣጥን ሁሉ እጅህ የሚደርስበት፥ ጠባቂው ዘወር ያለበት ነው። በዚያ ስትቆም «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚለው ድምፅ ይመጣብሃል። ያን ጊዜ ከዐሥር እጅ አንዱን ለመተው ቃል የገቡትን ዐሥራ አራቱን ቤተሰቦች አስብ፤ ባልንጀራህንም ጥራና ከእርሱ ጋር ተማከር። የተውኸው ነገር ተመልሶ ይመጣልህ ይሆናል፥ ላይመጣም ይችላል። ማዕበሉን የሚያዝዘው ሌላ ነው፤ ለአንተ የታዘዘልህ ግን እጅህ ነው።